የቅጂ ስህተት ምስክርነት፦ የውቅያኖስ ደሴቶች ዕፅዋትና የዘረ መል ንባብ ታሪክ

ዛሬ የምናገረው ከየትኛውም አህጉር ርቀው በውቅያኖስ መካከል ስለሚገኙ ደሴቶችና በእነርሱ ላይ ስለ በቀሉ ዕፅዋት፣ በተለይም የእነዚህ ዕፅዋት ያለፈ ታሪክ እንዴት ሊታወቅ እንደ ቻለ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በራሴ ስህተት ልጀምር። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ስለ ካናሪ ደሴቶች ዕፅዋት የማስተምርበት አንድ ማስታወሻ ነበረኝ። ማስታወሻው ኤኪየም የተባለውን ተክል ይጠቅሳል። የኤኪየም ዝርያዎች በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ምድር አብዛኛውን ጊዜ ግንዳቸው ለስላሳ የሆነ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው፤ በካናሪ ደሴቶች ግን ግንዳቸው እንጨት ሆኖ ቁጥቋጦ ይሆናሉ። ማስታወሻዬ ታዲያ እንጨታማው የደሴት ኤኪየም የጥንት ቅሪት ነው፤ በአህጉሩ ላይ የጠፋው አሮጌ መልክ በደሴቱ ተጠብቆ ቀርቷል ይል ነበር። እኔም ይህንኑ በልበ ሙሉነት ለዓመታት አስተማርኩ። አንድ ተማሪ ይህ በምን ታወቀ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ “ከመልኩ” ብዬ እንደ መለስኩለት አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ የሌላ ኮሌጅ መምህር የሚያስተምርበትን ጽሑፍ የማየት ዕድል ገጠመኝ። የአንዱ ኤኪየም ዝርያ የላቲን ስም አንዲት ፊደል ጎድሎታል፤ ያቺው ፊደል በእኔም ማስታወሻ ላይ ጎድላለች። እኔ ማስታወሻዬን ከመምህሬ ነበር የገለበጥኩት፤ እርሳቸውም ከሌላ። ከዚያ ባልደረባ ጋር ስለዚህ ተክል አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ሆኖም ከአንድ ምንጭ እንደ ቀዳን ያቺ የጎደለች ፊደል መሰከረችብን። ሁለታችንም የጻፍነው ትክክለኛ ስም ቢሆን ኖሮ ምንም ነገር ባልታወቀ ነበር፤ ትክክለኛውን ስም ማንም ከየትም ሊያገኘው ይችላልና።

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ጥበብ ከእኛ ከዕፅዋት ተመራማሪዎች ቀድመው ያውቁታል። አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ሲገኝ የቁም ጸሐፊው ዓይን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይዘልና በመካከል ያለውን መስመር ያስቀራል። ከዚያ ቅጂ የሚገለበጡ ሁሉ መስመሩን ሳያውቁት ያጡታል። መርማሪው በልዩ ልዩ ገዳማት የሚገኙ ቅጂዎችን አስተያይቶ በጋራ ስህተታቸው የትኛው ከየትኛው እንደ ተወለደ ይለያል። የብራናው ውበት፣ የሐረጉ ቀለም፣ የመጽሐፉ ስፋት ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም፤ አንዳንዴም ያሳስታል። ከአንድ ቅጂ የተገለበጡ ሁለት መጻሕፍት አንዱ ትልቅና በሐረግ ያጌጠ፣ ሌላው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሊሆን ይችላልና።

ሕያዋን ነገሮችም በየሴላቸው ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚገለበጥ ጽሑፍ ይዘዋል፤ ዲኤንኤ ነው። በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን በሚገለበጥበት ጊዜ አልፎ አልፎ ስህተት ይገባበታል፤ ስህተቱም ይወረሳል። ይህን ጽሑፍ ለማንበብ የሚያስችለው የፍሬድሪክ ሳንገር ዘዴ የታወቀው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ስለ ደሴት ዕፅዋት ሲከራከሩ ይህ መጽሐፍ በእጃቸው ሳለ ተዘግቶባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ክርክሩ የከረረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የውቅያኖስ ደሴቶች ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የወጡና ከአህጉር ጋር ተያይዘው የማያውቁ ከሆኑ፣ ዕፅዋቱ ከየት መጡ? ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው ሊቅ በ1846 መልሱን በሰመጠ ምድር ፈለገ፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተዘርግቶ የነበረ ምድር ሰምጦ ደሴቶቹ ቅሪቱ ሆነው እንደ ቀሩ አሰበ። ቻርልስ ዳርዊን ይህ አልተዋጠለትም። ተክሉ ተሻግሮ ሊመጣ የሚችል ከሆነ ስለ ምን ሲባል አንድ አህጉር ይሰምጣል?

ዳርዊን ያደረገው ነገር ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግረው ነው፤ ውድ መሣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ ለምርምር አይበቃም ለሚሉ ጥሩ መልስ ይሆናልና። የ87 ዓይነት ዕፅዋትን ዘር በጨው ውኃ ዘፈዘፈ፤ ከ28 ቀን በኋላ 64ቱ በቀሉ፤ ጥቂቶቹ 137 ቀን ድረስ ቆይተው በቀሉ። ከአንድ ኩሬ ዳር ሦስት ማንኪያ ጭቃ አንሥቶ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ከድኖ ስድስት ወር ጠበቀ፤ ከዚያች ትንሽ ጭቃ የበቀሉትን እየነቀለ ቢቆጥራቸው 537 ሆኑ። በወፍ እግር ላይ የሚጣበቅ ጭቃ ምን ያህል ዘር ሊሸከም እንደሚችል ማሳየቱ ነበር። ወዳጁ ጆሴፍ ሁከር በ1866 በኖቲንግሃም ከተማ ስለ ደሴት ዕፅዋት ባደረገው ታዋቂ ንግግር ሁለቱን አስተሳሰቦች ጎን ለጎን አቅርቦ መረመረ፤ ሚዛኑም ወደ ዳርዊን አዘነበለ። ይሁን እንጂ ዳርዊንም ሆነ ሁከር ማሳየት የቻሉት መሻገር እንደሚቻል ብቻ ነው። ይህ ተክል በእርግጥ ተሻግሯል፣ የመጣውም ከዚህ ስፍራ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልነበራቸውም። በሚቻልና በሆነ መካከል ያለው ርቀት ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሃዋይ ልውሰዳችሁ፤ የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚያ ነው። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ዴቪድ ዳግላስ በ1834 ማውና ኬአ በተባለው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እሳተ ገሞራ ላይ አንድ አስደናቂ ተክል አገኘ። ቅጠሎቹ እንደ ሰይፍ ስል ሆነው እንደ ብር ያበራሉ፤ ከመሬት ተነሥተው በክብ ተሰድረዋል። የአገሬው ሰዎች አሂናሂና ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙም በግሪክኛ “የብር ሰይፍ” ማለት ነው። ተክሉ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን ሰጥቶም ይሞታል።

ስሜን ተራሮችን ያያችሁ ይህን ስትሰሙ ጅብራን ማሰባችሁ አይቀርም። ጅብራም ቅጠሉን በክብ ሰድሮ የብርዱን ሌሊት ያሳልፋል፤ እርሱም አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ሁለቱን በፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያየ ሰው ወንድማማች ናቸው ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ጅብራ ሎቤሊያ ነው፤ የብር ሰይፍ ግን የአደይ አበባና የኑግ አስተኔ ነው። ያመሳሰላቸው ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ የሆነው የከፍተኛ ተራራ ኑሮ እንጂ ትውልድ አይደለም። ዓይን ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የብር ሰይፍ ዘመዶች በሃዋይ ብቻ ሠላሳ ገደማ ዝርያዎች ሲሆኑ በሦስት ወገኖች ይመደባሉ። መልካቸውን ለተመለከተ ግን ቤተሰብ አይመስሉም። አንዱ በደረቅ እሳተ ገሞራ አመድ ላይ የሚያበራ የብር ክብ ነው፤ ሌላው በካዋይ ደሴት ጫካ ውስጥ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ፤ ሌላው ረግረግ ላይ እንደ ትራስ የተደፋ፤ ሌሎቹ ቁጥቋጦና ዛፍ። እነዚህ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ጥያቄ ነበረ፤ ከሃዋይ ውጭ ያለው ዘመዳቸው ማን ነው?

በካሊፎርኒያ ታርዊድ የሚባሉ፣ ትርጓሜውም የሬንጅ አረም የሆነ፣ ሲነኳቸው የሚያጣብቁ አነስተኛ ዕፅዋት አሉ። ከእነርሱ ጋር ያለው ዝምድና ሲነሣና ሲጣል ኖሯል። ዴቪድ ኬክ በ1936 ባወጣው ጥናት ዝምድናውን አልተቀበለም። ሸርዊን ካርልኩዊስት ደግሞ በ1959 የግንዱን፣ የቅጠሉንና የአበባውን ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ መርምሮ ዝምድናው እውነት ነው አለ። ኬክም ካርልኩዊስትም የተካኑ፣ ተክሉን በሚገባ የመረመሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለት አዋቂዎች አንድን ተክል አይተው ተቃራኒ ፍርድ ሲሰጡ ዳኛው ማን ይሆናል? ለሠላሳ ዓመት ያህል ዳኛ አልተገኘም። በመካከሉ ያለው ባሕር ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር መሆኑ ደግሞ ለተጠራጣሪዎች አቅም ይሰጥ ነበር።

ፍርዱ የመጣው በ1991 ነው። ብሩስ ባልድዊን ከዶናልድ ካይሆስ፣ ከያን ድቮራክና ከጄራልድ ካር ጋር ሆኖ የክሎሮፕላስትን ዲኤንኤ መረመረ። ክሎሮፕላስት በቅጠል ውስጥ ምግብ የሚሠራው አካል ሲሆን የራሱ አነስተኛ ዲኤንኤ አለው፤ በአብዛኞቹ ዕፅዋትም ከእናት በኩል ብቻ ይወረሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ይህ የመጀመሪያው ጥናት ጽሑፉን ፊደል በፊደል አላነበበም። የተወሰነ የፊደል ቅንብር ባለበት ቦታ ብቻ ዲኤንኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ተጠቅሞ የት እንደ ተቆረጠና የት እንዳልተቆረጠ አስተያየ። ፊደል በፊደል ማንበቡ ወዲያው ተከተለ፤ ባልድዊንም በኑክለስ ዲኤንኤ ላይ በዚህ መንገድ ሠራ። ውጤቱም ያው ነበር። የሃዋይ የብር ሰይፍ ወገኖች በሙሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቤተሰቡም የካሊፎርኒያ ታርዊዶች ቅርንጫፍ ነው። የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው አንዱ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች የሚበቅል አነስተኛ ተክል ነው። ባልድዊን በኋላ ለዚህ ተክል አዲስ የወገን ስም ሲሰጠው ካርልኩዊስቲያ ብሎታል፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ ትክክለኛውን ላየው ሰው የተሰጠ ክብር ነው። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋነት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር፤ አላበቃም። በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት የአበባን አሠራር የሚመሩ ዘረ መሎችን ሲመረምር በሃዋይ ዝርያዎች ውስጥ እያንዳንዱ ዘረ መል በሁለት ቅጂ ተገኘ። አንዱ ቅጂ ወደ አንድ የታርዊድ ዘር፣ ሌላው ወደ ሌላ የታርዊድ ዘር ያዘነብላል። የቤተሰቡ መሥራች ከሁለት ልዩ ልዩ ዘሮች መዳቀል የተገኘና የሁለቱንም ሙሉ ጽሑፍ የያዘ ነበር ማለት ነው። ወደ ብራናው ስንመለስ፣ አንዳንድ ቁም ጸሐፊ ሁለት ቅጂዎችን ፊቱ ዘርግቶ ከሁለቱም ይጽፋል፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአንድ የትውልድ መስመር ላይ ልናስቀምጠው ብንሞክር ይሰናከልብናል። ክሎሮፕላስት የነገረን የእናቲቱን ታሪክ ብቻ ነበር። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። ዛሬ ከአንድ ዘረ መል ብቻ የትውልድ ሐረግ ሠርታችሁ ለምታመጡልኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን ደጋግሜ የማነሣው ስለዚህ ነው።

ዘመኑን በተመለከተ ባልድዊንና ማይክል ሳንደርሰን በ1998 ባወጡት ስሌት የሃዋዩ ቤተሰብ የጋራ አባት ከ5.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደማይበልጥ ገመቱ፤ በ2018 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው። ዛሬ ካሉት ታላላቅ የሃዋይ ደሴቶች ሽማግሌው ካዋይ ዕድሜው አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ስሌቱ ከድንጋዩ ዕድሜ ጋር ይስማማል። ግን ስሌት ነው። የጽሑፉን ስህተት መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ስህተቱ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚገባ መገመት ሌላ ነገር ነው። መንገዱንም ቢሆን ዲኤንኤ አልነገረንም። የታርዊድ ማጣበቂያ በወፍ ላባ ላይ ዘሩን እንዳሻገረ እናስባለን፤ አሳማኝም ነው፤ ያየ ግን የለም።

በሃዋይ ሎቤሊያዎች ዘንድ የዕድሜው ነገር እንግዳ መልክ ይይዛል። ቶማስ ጊቭኒሽና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 126 የሚሆኑት የሃዋይ ሎቤሊያዎች በሙሉ የአንድ መጤ ዘር ናቸው፤ መጤውም የደረሰው ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ካዋይ ከባሕር አልወጣችም ነበር! እንግዲህ የት አረፈ? ዛሬ ባሕር በልቷቸው ዓለት ወይም የኮራል ቀለበት ብቻ ሆነው በቀሩ፣ ያኔ ግን ረጃጅም ተራራ በነበሩ አሮጌ ደሴቶች ላይ ነው። አዲስ ደሴት በወጣ ቁጥር ትውልዱ ከሚሰምጠው ወደሚወጣው ተሻገረ። ፎርብስ የሰመጠ ምድር አለ ብሎ ሲናገር በአህጉሩ ተሳስቷል፤ ግን የሰመጠ ምድር የደሴት ዕፅዋትን ታሪክ እንደሚያስረዳ ያሰበው አሳብ ባላሰበው መንገድ በከፊል ተመልሶ መጣ።

የጅብራ እውነተኛ ዘመዶች እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ ብዙዎቹ በእርጥብ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ፣ አበባቸው እንደ ወፍ ምንቃር የቆለመመ፣ በመልክ ጅብራን ጨርሶ የማይመስሉ ዕፅዋት። ኤሪክ ኖክስ፣ ስቲቨን ዳውኒና ጄፍሪ ፓልመር በ1993 የግዙፍ ሎቤሊያዎችን ክሎሮፕላስት ሲመረምሩ የዲኤንኤው ክፍሎች በየቦታው ተገልብጠው አገኟቸው፤ ጠራዡ ጥራዞቹን አገላብጦ የሰፋው መጽሐፍ ይመስላል። እንዲህ ያለ መገለባበጥ በአጋጣሚ ሁለት ጊዜ ስለማይደገም ጠንካራ ምስክር ነው። በእርሱም እየተመሩ ግዙፎቹ ሎቤሊያዎች ከአነስተኛ ቅጠላ ቅጠሎች እንደ ወጡ አሳዩ። ከፍተኛ ተራሮቻችን በሞቃት ቆላ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው የሚባለው ለማሳመር ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የጫካውን ግዙፍ ሎቤሊያ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ በዘረ መል አጥንተው ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 አሳትመዋል።

ወደ ኤኪየም ልመለስ፤ ዕዳዬ ነውና። ኡታ-ሬጊና ቦህለ፣ ሃርትሙት ሂልገርና ዊልያም ማርቲን በ1996 የካናሪና የአካባቢው ደሴቶች ኤኪየሞችን ዲኤንኤ አነበቡ። እንጨታሞቹ የደሴት ዝርያዎች ለስላሳ ግንድ ካላቸው የአህጉር ኤኪየሞች የወጡ ሆነው ተገኙ። እንጨቱ በደሴት የመጣ አዲስ ነገር ነው፤ ቅሪት አይደለም። ያረጀ የሚመስለው ወጣቱ ነበረ። ዳርዊን ደሴት የደረሰ ቅጠላ ቅጠል ከሌሎቹ በላይ ለመውጣት ቁመት እየጨመረ ወደ ዛፍነት ሊለወጥ እንደሚችል በ1859 ጽፎ ነበር። እኔ ማስታወሻዬን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጥናቱ ታትሟል፤ እጄ ላይ አልደረሰም፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልፈለግሁትምም። በእጄ የነበረው ቅጂ በቂ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የጠየቀኝን ተማሪ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ አግኝቼ መልሱን ነገርኩት፤ እርሱ ጥያቄውን ረስቶታል።

በመጨረሻ ወደ ማውና ኬአ እንመለስ፤ ንባቡ ለትናንት ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ካፒቴን ቫንኩቨር በ1793 ከብትና በጎች ወደ ሃዋይ አምጥቶ ነበር። እንስሳቱ በዱር በዙ፤ ቅጠሉን የሚበላበት አውሬ ሳያውቅ፣ እሾህም ሆነ መርዝ ሳያበጅ የኖረው የብር ሰይፍም ተበልቶ በገደል አፋፍ ብቻ ቀረ። በ1970ዎቹ ለማዳን የተነሡት ሰዎች ካገኙት ጥቂት ዘር ችግኝ አፍልተው ተራራው ላይ ተከሉ፤ ቁጥሩም ከ1,500 በላይ ደረሰ። በወረቀት ላይ ታላቅ ስኬት ነበር። ሮበርት ሮቢሾና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ዲኤንኤውን ሲመረምሩ ግን እነዚያ ሁሉ ተክሎች የሁለት ወይም የሦስት እናቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ። የብር ሰይፍ ደግሞ በራሱ ብናኝ፣ በቅርብ ወንድሙም ብናኝ ብዙውን ጊዜ ዘር አይዝም። ሃምሳ ዓመት ጠብቆ አንድ ጊዜ ሊያብብ የሚችል ተክል፣ ባበበበት ቀን በአጠገቡ ያሉት ሁሉ እኅቶቹ ከሆኑ አበባው ከንቱ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ሥራው መልኩን ለወጠ። በገደሉ ላይ ከቀሩት ጥቂት ደርዘን የዱር ተክሎች አንዱ ባበበ ቁጥር ሰዎች እየወጡ ብናኙን ይሰበስባሉ፤ ወደ ተተከሉት አበቦችም በእጃቸው ያደርሳሉ፤ የተገኘውም ዘር የእናቱና የአባቱ ስም እየተጻፈበት ይቀመጣል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ መድረኩ የእናንተ ነው።